አሮጌ ኮምፒውተር፣ አዲስ ስርዓተ ክወና፦ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት፣ ማለትም ማቀነባበሪያውን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ከውጭ የሚሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ የሚያዝዝ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም በእሱ በኩል የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ ኦኤስና ሊኑክስ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ኮምፒውተሩ አንዴ ከተገዛ ብዙም ሳይለወጥ ዓመታት ያስቆጥራል፤ ስርዓተ ክወናው ግን በየጊዜው ይታደሳል። የሁለቱ ዕድሜ ሲራራቅ የዛሬው ሶፍትዌር በቆየው ማሽን ላይ ይጫን ወይስ አይጫን የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ጥያቄው በሁሉም አገር አለ፤ ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። በመንዝ፣ በቀወት፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ እንዳሉት ባሉ የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለአንድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚደርሰው በበጀት ግዢ ወይም በእርዳታ ነው። ተተኪው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ማሽኑ እስኪሞት ድረስ ይሠራበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ «አዲስ ግዙ» የሚለው ምክር ለጥያቄው መልስ ሊሆን አይችልም።

መልስ ከመፈለግ በፊት ሦስት ነገሮች ቢለዩ ይበጃል። ስርዓተ ክወናው በማሽኑ ላይ ተጭኖ መነሳቱ አንድ ነገር ነው። ተነስቶም ሳይደናቀፍ የቢሮውን ሥራ ማከናወኑ ሌላ ነው። ሠሪው ወገን የደህንነት ማሻሻያ እየላከለት መቆየቱ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሱት ክርክሮች በአብዛኛው የሚወሳሰቡት አንዱ ስለ መጫን፣ ሌላው ስለ ማሻሻያ እየተናገረ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የተነጋገሩ ስለሚመስላቸው ነው።

የመነሻ መስፈርቱ ታሪክ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95ን ሲያወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ ራም 4 ሜጋባይት ነበር። በ2001 የወጣው ኤክስፒ 64 ሜጋባይት፣ በ2007 የወጣው ቪስታ 512 ሜጋባይት ጠየቁ። በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ መነሻው 128 እጥፍ አደገ ማለት ነው። በቪስታ ጊዜ ልዩነቱ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ስለነበር «ለቪስታ ብቁ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ኮምፒውተሮች የስርዓተ ክወናውን ዋና ገጽታ ማስኬድ አልቻሉም ተብሎ በአሜሪካ በኩባንያው ላይ ክስ እስከ መመሥረት ተደርሷል።

ከዚያ በኋላ ግን ሩጫው ረገበ። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ለ32 ቢት እትሙ 1 ጊጋባይት ራም ጠየቀ፤ በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10ም ያንኑ ቁጥር ደገመ። እርግጥ ነው፣ 1 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ዊንዶውስ 10 ይነሳል እንጂ ለሥራ አይመችም። ቢሆንም የቆየ ማሽን ቀጣዩን እትም ይቀበላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው በእነዚህ ዓመታት ነው። በኋላ ዊንዶውስ 11 ሲመጣ የብዙዎች ቅሬታ የበረታው ይህ እምነት ስለፈረሰ ነው።

በኢትዮጵያ ኮምፒውተር ወደ ወረዳ በብዛት የወረደው ኤክስፒ በነገሠበት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ሲያገናኝ፣ ስኩል ኔት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በፕላዝማ ትምህርት ደረሰ። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች አይቤክስ የተባለውን የበጀትና የወጪ ሥርዓት ይዘው መሥራት ጀመሩ። ሠራተኛው ኮምፒውተር የተማረውም፣ ልማዱን የያዘውም በዚያን ዘመን ማሽንና በዚያን ዘመን ዊንዶውስ ላይ ነው።

ተቃራኒው መንገድም በዚያው ሰሞን ተሞክሯል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮጀክት ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ማሽኑ 433 ሜጋኸርዝ ማቀነባበሪያ፣ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ነበረው፤ የሚሠራውም ሹገር በተባለ፣ ለእሱ ተብሎ በሊኑክስ ላይ በተዘጋጀ ገጽታ ነው። ስርዓተ ክወናው ለማሽኑ አቅም ተለክቶ ስለተሠራ ማሽኑ በጊዜው ሥራውን ይወጣ ነበር። የተቸገረው ዘግይቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲዳከም ሶፍትዌሩን የሚያድስለት ሲያጣ ነው። አቅሙ ያልጎደለ ኮምፒውተር ማሻሻያ ሲቋረጥበት ከጥቅም ውጭ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በአገር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ፊደሉ ያመጣው ግፊት

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አዲስ ስርዓተ ክወና የሚፈልገው ለደህንነትና ለአዳዲስ ፕሮግራሞች ሲል ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ቢሮ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ይህም ምክንያት ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትታል።

ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ በፊት የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ የነበረው ዘዴ የላቲን ፊደላትን ቦታ መውሰድ ነበር። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚህ መስክ ፈር ከቀደዱት መካከል ናቸው። በኋላ በአገር ቤት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ጽሕፈት ቤቱን፣ ማተሚያ ቤቱንና የጽሑፍ አገልግሎት ሰጪውን ሁሉ ያዙ። አንድ የፊደል ፋይል ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ስለነበር ፊደላቱ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ከአንድ በላይ ወደሆኑ ፋይሎች ይበታተናሉ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች ብዙ ከደከሙበት በኋላ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን በዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ አስገባ። ኤክስፒ ግን ይህን ፊደል ይዞ አልመጣም፤ ተጠቃሚው ፊደሉንም የመጻፊያ ፕሮግራሙንም ከሌላ ቦታ ፈልጎ መጫን ነበረበት። ኒያላ የተባለው ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የመጡት ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ኢብሪማ የተባለው ፊደል የግዕዝን ቤተሰብ ጨመረ። ስለዚህ ከኤክስፒ መውጣት ለአማርኛ ጸሐፊ ጽሑፉ በኢሜይል ሲላክ፣ በስልክ ሲከፈት፣ በኢንተርኔት ሲፈለግ ሳይበላሽ መድረስ ማለት ነበር።

ወደ ኋላ የሚጎትተው በአሮጌው መለያ የተጻፈው መዝገብ ነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ የፈተና ጥያቄና የመሬት ጉዳይ ደብዳቤ ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ተጽፏል። 16 ቢት ክፍል ያለው የቆየ ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይነሳም፤ ሌላውም ቢነሳ የኪቦርድ አሠራሩ ከአዲሱ ስርዓት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ፓወር ግዕዝ 2010 የዩኒኮድ ፊደል ይዞ መምጣቱ ለአዲስ ጽሑፍ መፍትሔ ቢሰጥም የተጻፈውን ወደ ኋላ ሄዶ አይለውጥም።

ሌላም የማይታይ እንቅፋት አለ። በዊንዶውስ 10 ኒያላ እንደ ተጨማሪ አካል ተቆጥሮ ከኢንተርኔት የሚወርድ ሆኗል። ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮ ዊንዶውስ 10 በአዲስ መልክ ሲጫን በኒያላ የተጻፈው ሰነድ በሌላ ፊደል ተተክቶ ይከፈታል፤ የመስመሩ ርዝመትና የገጹ ብዛትም ይለወጣል። ቃላቱ አይጠፉም፤ ነገር ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና በፋይል ያለው ቅጂ ገጽ በገጽ አይገጥሙም።

ማነቆው የትኛው አካል ላይ ነው

አዲስ ስርዓተ ክወና የከበደው ኮምፒውተር ሲታይ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ማቀነባበሪያው ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዋናው ማነቆ ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ የተበታተነ ነገር ለማንበብ ጭንቅላቱን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ስላለበት በሰከንድ የሚችለው መቶ ያህል ንባብ ብቻ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው፣ በቺፕ የሚሠራው ማከማቻ ይህን ወደ አሥር ሺዎች ያደርሰዋል። ኤክስፒ የሚሠራው ሥራ ከሌለ ዲስኩን ያሳርፍ ነበር። ዊንዶውስ 10ና 11 ግን ከጀርባ ሆነው ቫይረስ ይፈትሻሉ፣ ፋይል ይመዘግባሉ፣ ማሻሻያ ያዘጋጃሉ። በዚህ የተነሳ ኮር 2 ዱዎ የተባለው የቆየ ማቀነባበሪያ ያለው ኮምፒውተር እንኳ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ የሚያሳየው ለውጥ ማቀነባበሪያው ቢቀየር ሊታይ ከሚችለው ይበልጣል።

በደጋው አገር ዲስኩን ለመተካት ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የተራ ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ነው። ስለሆነም አምራቾች በመግለጫቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው። የመንዝ ደጋ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ በ3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ የጓሳ ጥብቅ ሥፍራም ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ዲስኩ ገደቡን ባለፈ ቅጽበት ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከዋስትና ወሰኑ ጫፍ ላይ ይሠራል ማለት ግን ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። የአገሩ ብርድ በከፊል ያካክሰዋል፤ አቧራ የሞላው ማራገቢያና የደረቀ የሙቀት ቅባት ግን በብርድ አገርም ማሽኑን ያግላሉ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የከፍታው ገደብ ብዙም አያሳስበውም። ለመንዝ ቢሮ ዲስክ መቀየር የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ራም ሁለተኛው ማነቆ ነው፤ ሆዳሙም ከስርዓተ ክወናው ይልቅ ብራውዘሩ ነው። 2 ጊጋባይት ባለው ማሽን ሦስት አራት ገጽ ከተከፈተ ስርዓቱ የተረፈውን ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፤ ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነም ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። ወደ 4 ጊጋባይት ማሳደግ ብዙ ነገር ይፈታል። የድሮ ቦርዶች ግን የሚቀበሉት መጠን የተወሰነ ነው፤ 32 ቢት ዊንዶውስም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም።

ማቀነባበሪያው ወሳኝ የሚሆነው ከፍጥነቱ ይልቅ በሚያውቃቸው ትእዛዞች ነው። 32 ቢት ብቻ የሆነ የቀድሞ ፔንቲየም 4 ዊንዶውስ 11ንም ሆነ የዛሬዎቹን የሊኑክስ እትሞች አብዛኞቹን አይቀበልም። የ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ፖፕካውንት የተባለውን ትእዛዝ በግድ ስለሚሻ ኮር 2 ዱዎ በምንም ዘዴ ሊያስነሳው አይችልም። በቪዲዮ ትምህርት በኩልም ተመሳሳይ ችግር አለ። የቆዩ የግራፊክስ ቺፖች የዛሬውን የቪዲዮ አጨማመቅ ስለማያውቁ ሥራው ሁሉ በማቀነባበሪያው ላይ ይወድቅና ምስሉ ይቆራረጣል።

በስርዓተ ክወናው ላይ በስህተት የሚላከኩ ብልሽቶችም አሉ። በዋናው ቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት ጊዜ ማመሳከር ስለማይችል «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተሠሩት ቦርዶች ብዙዎቹ ደግሞ ጥራቱ የጎደለ ካፓሲተር ስላለባቸው የካፓሲተሩ አናት አብጦ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። እነዚህን ሳይመረምሩ «ፎርማት ይደረግ» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። የአሮጌ ፕሪንተርና ስካነር ማገናኛ ሶፍትዌር (ድራይቨር) በአዲሱ ስርዓት ላይ አለመገኘቱ ግን እውነተኛ የስርዓተ ክወና ችግር ነው፤ አንዳንድ ቢሮ ከአሮጌው ዊንዶውስ የማይላቀቀውም በዚሁ ምክንያት ብቻ ነው።

ዊንዶውስ 11 ያሰመረው መስመር

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የጠየቀው 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ያከራከረው ግን ሌላው መስፈርት ነው፦ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የምስጢር ቁልፍ መጠበቂያ ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት የተባለውን የአነሳስ ጥበቃ የሚችል ዩኢኤፍአይ (የማስነሻ ሶፍትዌር)፣ እንዲሁም በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ማቀነባበሪያ። ዝርዝሩ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከ8ኛው ትውልድ ይጀምራል። በዚህ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2016 ወይም በ2017 የተገዛ፣ ሥራውን በደህና የሚሠራ ኮምፒውተር ከመስመሩ ውጭ ይቀራል።

የማይክሮሶፍት መከራከሪያ ደህንነትና መረጋጋት ነው። ኩባንያው በሙከራው ወቅት መስፈርቱን የማያሟሉ ማሽኖች በስርዓቱ እምብርት ላይ 52 በመቶ የበለጠ ብልሽት እንዳሳዩና የሚያሟሉት 99.8 በመቶ ያለ ብልሽት እንደሠሩ ገልጿል። የዲስክ ምስጢር ቁልፍንና ሲነሳ የሚጫነውን ሶፍትዌር ትክክለኛነት በቺፕ መጠበቅ በእርግጥም በሶፍትዌር ብቻ ከመጠበቅ ይሻላል። የስርዓቱን እምብርት ለይቶ የሚከልለው መከላከያም የሚያስፈልገው የሃርድዌር ድጋፍ በቆዩ ማቀነባበሪያዎች ላይ ስለሌለ እዚያ ሲበራ ፍጥነት ይጎዳል።

ተቺዎቹ ይህን አይክዱም፤ የሚጠይቁት መስመሩ ለምን እዚህ ላይ እንደተሰመረ ነው። ያ የሃርድዌር ድጋፍ በ7ኛው ትውልድ ኢንቴል ላይ ነበረ፤ ሆኖም ከዚያ ትውልድ ኩባንያው በራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ላይ የሚገኘውን ማቀነባበሪያ ተቀብሎ ሌሎቹን ከሞላ ጎደል ትቷል። ሩፉስ በተባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ወይም በዊንዶውስ መዝገብ (ሬጅስትሪ) ማስተካከያ ፍተሻው ሲታለፍ ዊንዶውስ 11 በብዙ ያልተፈቀደላቸው ማሽኖች ላይ ያለ ችግር መሥራቱም ሌላው ማስረጃቸው ነው። እዚህ ላይ በመግቢያው የተነሳው ልዩነት ይመለሳል። በማለፊያ ዘዴ የተጫነ ዊንዶውስ ይነሳል፣ ይሠራልም፤ ኩባንያው ግን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። የ2024ቱ እትም ኮር 2 ዱዎን በአንድ ጊዜ ማውጣቱ ማስጠንቀቂያው ባዶ እንዳልነበረ አሳይቷል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለግል ኮምፒውተር ሊመረጥ ይችላል፤ የሕዝብ መዝገብ ለያዘ ቢሮ ግን አይመከርም።

የሆም እትሙ ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት መጠየቁ ለሰሜን ሸዋ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። መስመር በሌለበት የሚጫን፣ በፍላሽ ማሻሻያ የሚቀበል ስርዓት በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለው ጥቅም ከማንኛውም የፍጥነት ንጽጽር ይበልጣል።

የሊኑክስ መንገድ

የመጀመሪያው አቋም ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ከሆነ፣ ሁለተኛው ዊንዶውስን ትቶ ለማሽኑ የሚመጥን ሊኑክስ መጫን ነው። ሉቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ራም ላላቸው፣ አንቲኤክስና ፓፒ ሊኑክስ ከዚያ ላነሱት የተለመዱ ናቸው። ክፍያ የላቸውም፤ በፍላሽ ሆነው ሳይጫኑ ይሞከራሉ፤ የአቢሲኒካና የኖቶ የኢትዮጵያ ፊደሎችም በነጻ ይገኙላቸዋል። በድምፅ አጻጻፍ መንገድ አማርኛ መጻፍም ይቻላል። የጎግል ክሮም ኦኤስ ፍሌክስም ለቆየ ኮምፒውተር የታሰበ ነው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ራም ስለሚፈልግና በአመዛኙ በኢንተርኔት ላይ ስለሚመካ ለዚህ አካባቢ እምብዛም አይመችም።

ከውጭ አገር ያለው ማስረጃ የተደባለቀ ነው። በሕንድ የኬረላ ግዛት ትምህርት ቤቶች ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ነጻ ሶፍትዌር ተሻግረው እስካሁን ዘልቀዋል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ደግሞ ወደ 15,000 የሚጠጉ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ካዞረች በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች። የኬረላ መምህራን በራሳቸው ቋንቋ በተዘጋጀ መጽሐፍና ሥልጠና ታግዘዋል፤ ሙኒክን ያዳከማት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሰነድ ልውውጥ አለመግባባትና የፖለቲካ ለውጥ ነው። ከዚህ ለኢትዮጵያ የሚወጣው ግምት ትምህርት ቤት ከጽሕፈት ቤት ይልቅ ለሊኑክስ የተመቸ መሆኑ ነው። ተማሪ ያለፈ መዝገብ የለውም፤ ጸሐፊ ግን በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የአሥር ዓመት ደብዳቤ አላት፤ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራምም ያ ፊደል ካልተጫነለት አያነበውም።

ሊኑክስም ቢሆን የቆየውን ሁሉ አይሸከምም። የሊኑክስ እምብርት እ.ኤ.አ. በ2013 የ386 ማቀነባበሪያን ትቷል፤ ኡቡንቱ 32 ቢት የዴስክቶፕ እትም ማዘጋጀት ያቆመው በ2017 ነው፤ እስከ መጨረሻው የጸናው ዴቢያን እንኳ በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት ኢንቴል ኮምፒውተር መጫኛ አላዘጋጀም። ለ32 ቢት ማሽኖች የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

«ባለበት ይቆይ»

ሦስተኛው አቋም ብዙ ክርክር አይሰማበትም፤ በተግባር ግን ሰፊ ተከታይ አለው፦ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ከሆነ ለምን ይነካል? ኢንተርኔት ከሌለው የሚያጠቃው ማን ነው?

ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዊንዶውስ 7 በ2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ከተራ ድጋፍ ወጥተዋል። ለዊንዶውስ 10 የተራዘመ ማሻሻያ ቢኖርም ለግለሰብ የተሰጠው አንድ ዓመት ነው፤ ለድርጅት በአንድ ኮምፒውተር ከ61 ዶላር ጀምሮ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ከተጠቁት እጅግ የሚበዙት ገና ድጋፍ የነበረው፣ ነገር ግን ያልታደሰ ዊንዶውስ 7 ያላቸው ነበሩ። ስለዚህ የስርዓቱ አዲስነት ብቻውን አይከላከልም፤ ማሻሻያ መቀበሉ ነው ወሳኙ። ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተጫነ) ዊንዶውስ ማሻሻያው ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ ስለሚዘጋበት በዚህ በኩል ከኤክስፒ ብዙም አይሻልም፤ በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደሚጠብቅም መዘንጋት የለበትም።

መስመር የሌለው ኮምፒውተር አይጠቃም የሚለው ክርክር የሚፈርሰው በፍላሽ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በኔትወርክም በፍላሽም ይዛመት ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ሰነድ ከቢሮ ወደ ጽሑፍ ቤት፣ ከጽሑፍ ቤት ወደ ቢሮ የሚመላለሰው በፍላሽ ስለሆነ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህም ሌላ ማሽኑ ሳይነካ ሥራው ራሱ ጥሎት ይሄዳል። የጤና ሪፖርት በብራውዘር በሚሠራው ዲኤችአይኤስ 2 ሆኗል። ክሮም በ2023 መጀመሪያ ዊንዶውስ 7ን ትቷል፤ ፋየርፎክስ በ115ኛው እትሙ ቆይቶለታል። በ2016 ዓ.ም ወጥቶ የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት ለጥበቃው ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ላይ የነዋሪን ማኅደር ማስቀመጥ ከዚህ ኃላፊነት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ገና በሚገባ አልተመከረበትም።

ዋጋ፣ መብራትና ቆሻሻ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ አሮጌውን ማደስ ከምንጊዜውም በላይ አዋጪ ሆነ። የኤስኤስዲና የራም ዋጋም አብሮ ቢጨምር ከአዲስ ማሽን ጋር ያላቸው ርቀት ግን ሰፊ ነው።

ተቃራኒው ክርክር የመብራት ነው። አንዳንድ የፔንቲየም 4 ማቀነባበሪያዎች ብቻቸውን እስከ 115 ዋት ሙቀት ያወጣሉ፤ ኤን100 የተባለው የዛሬ አነስተኛ ማቀነባበሪያ በ6 ዋት ተለክቷል። በሶላር ወይም በባትሪ ለሚሠራ የገጠር ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት ሁሉንም ነገር ይወስናል። በመስመር መብራት ለሚሠራው ግን ያን ያህል አይከብድም። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚያስከትለው የአየር ብክለት ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ያመዘነው ሲመረትና ሲጣል ነው።

በዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲመነጭ በአግባቡ የተሰበሰበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። ካናሊስ የተባለው የጥናት ድርጅት የዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቋረጥ 240 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ወደዚህ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። ከእነዚህ ከፊሎቹ እየታደሱ በእርዳታና በንግድ ወደ አፍሪካ መምጣታቸው አይቀርም። ለተቀባዩ ጥሩ ዕድል ነው፤ 8ኛ ትውልድ ያልደረሰ ማሽን «ዊንዶውስ 11 አለው» ተብሎ በማለፊያ ዘዴ ተጭኖ ሲሸጥ ግን ገዢው የሚያውቀው ማሻሻያው ሲቆም ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425ን በ2010 ዓ.ም አውጥታለች። መበተኛው ያለው አዲስ አበባ፣ አቃቂ በመሆኑ ከመንዝ ተራራ የተበላሸ ሞኒተር ጭኖ እዚያ ለማድረስ ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ መመለስ አለበት።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ከማስረጃው አንድ ጠንካራ ፍርድ ይወጣል፦ 64 ቢት የሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም የሚቀበል ማሽን ዲስኩ በኤስኤስዲ ተተክቶ ማሻሻያ የሚያገኝ ስርዓት ሊጫንበት ይገባል። ከዚያ በታች ያለው ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። ከፊሉ ለኪቦርድ ልምምድና ለጽሑፍ ብቻ በቀላል ሊኑክስ ይቆይ ይላል፤ ከፊሉ የሚፈጀውን የጥገና ጊዜ ቆጥሮ ይወገድ ይላል። የጥገና ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ወረዳ ሁለተኛው ያመዝናል።

የፈተናው ጉዳይ ሌላው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ሲጀምር የትምህርት ቤት ላብራቶሪ የተማሪን ዕድል የሚነካ ቦታ ሆነ። በአሮጌ ማሽን የተፈተነና በአዲስ ማሽን የተፈተነ ተማሪ ውጤታቸው በመሣሪያው ምክንያት ይለያይ እንደሆነ መመርመር አለበት፤ ለፈተናው የሚበቃው ዝቅተኛ ማሽን ተለይቶ ለትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ቢገለጽ የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይተካ የሚለው በግምት አይወሰንም ነበር።

ከሁሉም የዘገየው የአሮጌ ሰነዶች ጉዳይ ነው። ከቀድሞዎቹ ፊደሎች ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ መለየት ስላለባቸው አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት፣ አኀዝ በሌላ ፋይል በተጻፈበት ሰነድ ላይ ይሳሳታሉ። የይዞታ መጠን ወይም የልደት ቀን በያዘ ደብዳቤ ላይ አንድ አኀዝ መሳሳት የሰው መብት ይነካል። ስለዚህ ለውጡ በሰው ዓይን መመሳከር አለበት፤ ያ እስኪሆን ድረስም በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከነፊደሎቹና ከነዊንዶውሱ፣ ከኔትወርክና ከፍላሽ ተለይቶ ሰነድ ለማንበቢያና ለማተሚያ ብቻ መቀመጥ ይኖርበታል። የማሽኑ ዲስክ ሙሉ ቅጂ በሌላ ማከማቻ ተወስዶ ቢቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢሞት እንኳ ያ አሮጌ ስርዓት በአዲስ ማሽን ውስጥ እንደ ፕሮግራም ሆኖ ሊነሳ ይችላል።